አራት የፊት ጥርሶችን ለክቶ የአርች ስፋትን መገመት፦ በካሊፐር፣ በጀሶና በእርሳስ

ባለፈው ክረምት አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር ከየቡ ከተማ መጣች። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር፣ ነጠላቸው ርሷል። የልጅቷ የላይኛው የግራ ክራንቻ ቦታ አጥቶ ከመስመር ወጥቶ ነው የበቀለው፣ የፊቶቹም ትንሽ ተደራርበዋል። እናትየው ቁጭ ከማለታቸው፣ "ዶክተር፣ አፏ ጠቧት ነው እንዴ? መንጋጋዋን አስፉላት የሚሉኝ ሰዎች አሉ" አሉኝ። "እናቴ፣ ሳልለካ አልነግርዎትም" አልኳቸው።

የዚያን ቀን ልኬት እዚህ ደረጃ በደረጃ ልጻፈው። የምጽፈው ለጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ ለኢንተርኖች፣ እንዲሁም ስካነርና ሶፍትዌር በሌለበት ክሊኒክ ለምትሠሩ ነው። እኔ እዚህ ጅማ የምለካው በእጄ ነው፤ ካሊፐር (በሁለት ጫፉ ይዞ ስፋት የሚለካ መሣሪያ)፣ የጀሶ ሞዴል፣ ሹል እርሳስና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃሉ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ሰው ጥርሶቹ የሚሰለፉበት ቅስት፣ እኛ አርች የምንለው፣ ሰፋ ሊልለት ይገባል። ስለዚህ የፊት ጥርሶችን ስፋት ካወቅን ኋላ ያለው አርች ምን ያህል መስፋት እንደነበረበት መገመት እንችላለን ብሎ ፖንት የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1909 ቀመር አወጣ። ቀመሩ እስከ ዛሬ ይማሩበታል፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ግን ሰው አፍ ላይ ስትጠቀሙበት ምን ያህል ልትሰሙት እንደሚገባ ካላወቃችሁ ሰው ትጎዳላችሁ። ወደዚያ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን መለካቱን እንጨርስ።

ልኩ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ

ካሊፐሩ ዲጂታል ቢሆን ጥሩ ነው። መስመሩ በዓይን የሚነበበው ቬርኒየርም አያሳፍርም፣ ባትሪ አለቀ ብሎ ሥራ አያስቆምም። ዋናው ጫፉ ነው። መካኒኮች የሚይዙት ዓይነት አፉ ወፍራም ስለሆነ በሁለት ጥርስ መሃል አይገባም፣ ጫፉ ሹል የሆነ ፈልጉ።

ቀጥሎ ልክ መውሰድ። የጥርስ ልክ የሚወሰድበት ለስላሳ ነገር፣ አልጂኔት፣ ውስጡ ውሃ ነው። ጠረጴዛ ላይ ክፍት ከተዋችሁት ውሃውን እያጣ ይኮማተራል፣ ውሃ ውስጥ ከዘፈዘፋችሁት ደግሞ ይጠጣና ያብጣል። ሁለቱም ጥርሱን ያለ ልኩ ያደርጉታል። ከአፍ እንደወጣ አጥቡት፣ ዲስኢንፌክት አድርጉት፣ ወዲያው ጀሶ አፍስሱበት። የግድ መቆየት ካለበት በእርጥብ ፋሻ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጉና እሰሩት፣ ያም ቢሆን ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከተቻለ ለሞዴሉ ከተራው ነጭ ጀሶ ይልቅ ጠንከር ያለውን ስቶን ተጠቀሙ፤ ነጩ በካሊፐር ጫፍ ይፋቃል፣ ሁለተኛ ስትለኩ ቁጥሩ ቀንሶ ታገኙታላችሁ። ደግሞ አትቸኩሉ። በጅማ ክረምት ጀሶ እንደ በጋ ቶሎ አይደርቅም። ጠዋት ያፈሰሳችሁትን ከሰዓት ከመለካት ለነገ ማሳደር ይሻላል።

የፊት ጥርሶቹ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ ካለ ሞዴሉን ጣሉት። በቢላ ጠርቦ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም፤ የጠረባችሁት ጥርስ የእናንተ ሥራ ነው፣ የልጅቷ ጥርስ አይደለም።

አራቱን ጥርሶች መለካት

የላይኛውን መንጋጋ ሞዴል ያዙ። የምትለኩት አራቱን መቁረጫ ጥርሶች ነው፦ መሃል ያሉትን ሁለቱንና ከግራና ከቀኝ ያጀቧቸውን ሁለቱን። የእያንዳንዱን ስፋት ከጎን ወደ ጎን፣ ጎረቤቱን ከሚነካበት ነጥብ እስከ ሌላኛው መንኪያ ነጥብ። ካሊፐሩን ከከንፈር በኩል አስገቡ፣ አፉ ከጥርሱ ጫፍ ጋር ትይዩ ይሁን።

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። የልጅቷን ሞዴል መጀመሪያ የለካችው አብራኝ የምትሠራ ተማሪ ነበረች፣ ጎበዝ ልጅ ናት። ድምሩ 31.6 ሚሜ መጣላት። እኔ ስለካው 30.6። ሙሉ አንድ ሚሊሜትር! "እስቲ እንዴት እንደያዝሽው አሳዪኝ" አልኳት። የግራው ጎነኛ ጥርስ ዞሯል፣ ካሊፐሩ ደግሞ በመሃል አልገባ ስላላት አዘንብላ ነው ያስገባችው፤ በአንድ በኩል የጥርሱን የጫፍ ማዕዘን፣ በሌላ በኩል ወደ ድድ የቀረበውን ጎን ይዛለች። ሰያፍ መስመር ሁልጊዜ ከቀጥታው ይረዝማል። ጥርሱ ቢዞርም እናንተ አብራችሁት ዙሩ፣ የራሱን ሁለት መንኪያ ነጥቦች ፈልጉ። ጥርሱ በመስመሩ ላይ የያዘውን ቦታ ሳይሆን ጥርሱን ራሱን ነው የምትለኩት።

አንድ ሚሊሜትር ምን ታመጣለች እንዳትሉ። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ 0.2 ሚሜ ብቻ ብትስቱ ለአራቱ 0.8 ይሆናል። ይህ ቁጥር በቀመሩ ሲያልፍ ይወፍራል፤ ከመንጋጋ ጥርስ እስከ መንጋጋ ጥርስ ያለው ግምት ላይ 1.25 ሚሜ ስህተት ይሆናል። የተማሪዋ አንድ ሚሊሜትር ደግሞ ግምቱን ከ47.8 ወደ 49.4 ነው የወሰደችው። ፀጉር የምታህል ነገር ናት፣ ሕክምና ግን ትቀይራለች።

ስለዚህ ሁሉንም ሁለቴ ለኩ። የመጀመሪያውን ቁጥር ሸፍኑት። ልዩነቱ ከ0.2 ሚሜ ከበለጠ ሦስተኛ ለኩ። ጓደኛ ካለ የእናንተን ሳያይ ይለካ። በአንድ ቁጭታ ብዙ ሞዴል አትደርድሩ፣ ዓይን ይደክማል፣ የደከመ ዓይን ደግሞ ያለፈውን ቁጥር መልሶ ያነባል።

ፍንጭት ያለበት አፍ ሲገጥማችሁ ክፍተቱን አትደምሩ፤ ጥርሶቹን ብቻ። ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ በኛ አገር ፍንጭት ውበት ነው። መጽሐፉ "መዘጋት ያለበት ክፍተት" ስላለው ብቻ ሰውየውን ሳትጠይቁ የሕክምና ዕቅድ ውስጥ አታስገቡት።

ቀመሩ የማይሠራባቸው አፎችም አሉ። ጎነኛዎቹ እንደ ሚስማር የቀጠኑ ወይም ጭራሽ ያልበቀሉ ከሆነ ድምሩ ይዋሻችኋል። የፊቶቹ ተሸርፈው ወይም በሙሌት ተሠርተው ከሆነም እንዲሁ። የላይኞቹ እንዲህ ሲያስቸግሩ የታችኞቹን አራት ለክቶ የላይኛውን ድምር የመገመቻ መንገድ አለ፣ የቶን ቀመር ይባላል፤ የታችኛውን ድምር በ4 አባዝቶ ለ3 ማካፈል፣ ከዚያ 0.5 መጨመር። የልጅቷ የታችኛው ድምር 22.6 ነበር። በዚህ መንገድ 30.6 ይመጣል፣ ከላይ በቀጥታ ከለካነው ጋር ገጠመ። እንዲህ ሲገጥም ልኬቴ ጤነኛ ነው ብላችሁ ትተነፍሳላችሁ።

የአርቹን ስፋት መለካትና ማስላት

አሁን ወደ ኋላ ሂዱ። ሁለት ስፋት ነው የሚፈለገው። አንደኛው ከቀኝ አራት ቁጥር እስከ ግራ አራት ቁጥር (ከመሃል ሲቆጠር አራተኛው ጥርስ)፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ፕሪሞላሮች፣ ከክራንቻ ኋላ ባሉት ትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች፣ መሃል። በማኘኪያው ገጽ ላይ ካለው ስንጥቅ ኋለኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለች፣ እሷ ላይ በሹል እርሳስ ነጥብ አድርጉ። ሁለተኛው ከስድስት ቁጥር እስከ ስድስት ቁጥር ነው፤ እዚህ የሚያዘው የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ፊተኛው ጉድጓድ ነው። አራቱን ነጥቦች ካደረጋችሁ በኋላ ብርሃን ወዳለበት መስኮት ዞራችሁ ለኩ። ነጥቡ ወፍሮ ከሆነ አጥፍታችሁ እንደገና።

ስድስት ቁጥር ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ይህ ጥርስ በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፣ ይነቀላል አይቀር ብሎ ይተወዋል። ሲቦረቦር፣ ሲነቀል፣ ከኋላው ያለው ወደፊት ይዘማል። ስድስት ቁጥር ከሌለ ወይም ግማሹ ተበልቶ ከሆነ የመንጋጋ ጥርሶቹን ስፋት አትገምቱ። ባዶ ተዉት። ለወላጁ ግን ይህን ጥርስ በጣታችሁ እያሳያችሁ ንገሩ፤ ከማንኛውም ቀመር በላይ ለታናሽ እህትና ወንድም የሚጠቅም እሱ ነው።

ስሌቱ እነሆ። የአራቱ ድምር በ100 ተባዝቶ ለ80 ሲካፈል በፕሪሞላሮቹ መሃል መኖር የነበረበት ስፋት ይወጣል። ለ64 ሲካፈል ደግሞ የመንጋጋ ጥርሶቹ። በስልክ ለ0.80 እና ለ0.64 ማካፈል በቂ ነው። ለፕሪሞላሩ ስልክም አያስፈልግም፣ የድምሩን ሩብ በላዩ ላይ ጨምሩ።

የልጅቷ ጥርሶች 8.6፣ 8.5፣ 6.8፣ 6.7 ናቸው። ድምር 30.6። ስለዚህ ፕሪሞላር ላይ 38.25፣ መንጋጋ ላይ 47.8 ሚሜ ይጠበቃል። ሞዴሉ ላይ የለካነው ግን 35.0 እና 45.5 ነው። በፕሪሞላሩ ከሦስት ሚሊሜትር በላይ፣ በመንጋጋው ከሁለት በላይ ጎደላት። ተማሪዋ ቀና ብላ "ስለዚህ ጠባብ ነው፣ ይስፋ" አለችኝ። በመጽሐፉ መሠረት ልክ ናት። የተለካው ከተጠበቀው ካነሰ አርቹ ጠባብ ነው፣ ለማስፋት ቦታ አለ ይላል ቀመሩ።

እኔ ግን ሌላ ቁጥር ጻፍኩላት። ሊንደርና ሃርት የተባሉ ሰዎች ይህንኑ ቀመር አሻሽለው 80ውን 85፣ 64ቱን 65 አድርገውታል። በነሱ ስናሰላው ፕሪሞላሩ 36.0፣ መንጋጋው 47.1 መጣ። ያው አፍ፣ ያው ጀሶ፣ ያው ካሊፐር። ጉድለቱ ግን ፕሪሞላር ላይ ከ3.25 ወደ 1.0 ሚሜ ወረደ። አካፋዩን ስለቀየርን ብቻ "በጣም ጠባብ" የነበረው አፍ "ትንሽ ጠበብ ያለ" ሆነ። ተማሪዋ ዝም ብላ ሁለቱን ቁጥሮች አየቻቸው። እኔም ዝም አልኩ፣ ያንን ነገር በራሷ ዓይን እንድታየው ፈልጌ ነበር።

ቁጥሩን ከያዛችሁ በኋላ

ፖንት የለካው ፈረንሳዮችን ነው። ራሱም ይህን ተናግሯል፣ በሌሎች ሕዝቦች ላይ ይፈተሽ ብሏል። የአርች ስፋት ደግሞ በጥርስ መጠን ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም። ምላስ ከውስጥ ይገፋል፣ የጉንጭ ጡንቻ ከውጭ ይጫናል፣ የፊት ቅርፅ አለ፣ በአፍ የሚተነፍስ ልጅ አለ። በ1970 ሕክምናቸውን ጨርሰው ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች ሲለኩ በፊት ጥርሶቹ ድምርና በአርቹ ስፋት መሃል ያለው ዝምድና ደካማ ሆኖ ተገኘ። በ1995 የወጣ ሥራም የፖንት ቀመር ስፋቱን አጋንኖ እንደሚገምት አሳይቷል። እንግዲህ ቀመሩ "አስፋው" የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ መስፋት የማያስፈልገው ሰው ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ጥያቄ ያዙት። "ይህ አፍ ጠቦ ይሆን?" ይላችኋል። መልሱን ከአፉ ፈልጉ።

መጀመሪያ አስነክሱና እዩ። የላይኞቹ የኋላ ጥርሶች ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ገብተው ከሆነ ክሮስባይት ነው፣ መጥበቡ በዓይን ታየ። አገጭ ሲዘጋ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል ወይ? እሱንም እዩ። ቀጥሎ የታችኛውን ሞዴል ለኩ። እዚያ ነጥቦቹ ይለያሉ፦ በአራት ቁጥርና በአምስት ቁጥር መሃል ያለው የጉንጭ በኩል መንኪያ፣ እንዲሁም የስድስት ቁጥር የጉንጭ በኩል መሃለኛ ጉብታ። ደህና በገጠመ አፍ ውስጥ የላይና የታች ስፋቶች ይቀራረባሉ። የልጅቷ ታች 34.8 እና 45.2 ነበር። ላይና ታች እየተከተሉ ነው። ላይኛውን ብቻ ሦስት ሚሊሜትር ብናሰፋው ከታቹ ጋር ምን ሊሆን ነው?

ከዚያ መንጋጋ ጥርሱ ያዘነበለ መሆኑን እዩ። ሞዴሉን ከኋላ በኩል አዙራችሁ በዓይናችሁ ትክክል ያዙት። ጥርሶቹ ወደ ምላስ ተኝተው ከሆነ አጥንቱ ሳይጠብ ጥርሱ ብቻ ጠቦ ነው፣ ማቅናት ይበቃል። ጥርሶቹ ወደ ጉንጭ ተዘርግተው፣ ላንቃው ደግሞ እንደ ገደል ጠልቆ ጠቦ ከሆነ ግን አጥንቱ ነው የጠበበው፣ ምንም እንኳ የጥርሶቹ ስፋት ደህና ቢመስልም። ለማነጻጸር የሁለቱን ስድስት ቁጥሮች ርቀት ከላንቃ በኩል ድድ ጋ ለኩት። በአዋቂ አማካዩ 36 ሚሜ ገደማ ነው ይባላል። ይህም አማካይ ነው፣ ሕግ አይደለም። የልጅቷ 35.5 ነበር።

ዕድሜም አለ። የላንቃው መሃል ስፌት በልጅነት ክፍት ስለሆነ በኤክስፓንደር፣ ላንቃ ላይ በሚታሰር ባለ ብሎን ማስፊያ፣ ይከፈታል፤ ብሎኑ በአብዛኛው በአንድ ሩብ ዙር 0.25 ሚሜ ይሰፋል። ጉርምስናው ካለፈ በኋላ ስፌቱ እየተያያዘ ይሄዳል። ያኔ በግድ ስትገፉ አጥንቱ ስለማይከፈት ጥርሶቹ ወደ ጉንጭ ይዘረጋሉ፣ በላያቸው ያለው ስስ አጥንት ይሳሳል፣ ድድ ይሸሻል። የታችኞቹን ክራንቻዎች ርቀት ማስፋት ደግሞ ጭራሽ አይጸናም፤ የተስተካከለውን ጥርስ ይዞ የሚያቆየው ሪቴይነር ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። አንድ ሰው ሽቦ አድርጎ ዓመትና ሁለት ዓመት ገንዘቡን ከፍሎ፣ ከቦንጋና ከአጋሮ እየተመላለሰ፣ በመጨረሻ ጥርሱ ወደ ድሮው ሲመለስበት ማየት ያማል። አይቻለሁ።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ፕሪሞላሮቹ ገና ያልበቀሉ የስምንት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከመጣ ከስፋቱ በፊት የሚያስጨንቃችሁ የሚመጡት ጥርሶች ቦታ ያገኛሉ ወይ የሚለው ነው። ለዚህ የታናካና ጆንስተን ቀመር አለ፣ የ1974። የታችኞቹን አራት የፊት ጥርሶች ድምር ለሁለት ክፈሉ። 10.5 ስትጨምሩ በታችኛው በአንድ ጎን የሚመጡት ክራንቻና ሁለት ፕሪሞላሮች ስፋት ይገመታል፣ 11 ስትጨምሩ የላይኛው። ድምሩ 23 ከሆነ ለታች 22፣ ለላይ 22.5 ማለት ነው። ይህም የተሠራው ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆነ ልጆች ላይ ስለሆነ ለሌላ ልጅ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ክሮስባይት የላትም፣ ላይና ታች ይከተላሉ፣ ላንቃዋ አልጠበበም። እናትየውን "የእርስዎ ልጅ መንጋጋዋ አልጠበባትም፣ ክራንቻዋ ቦታ አጥቶ ነው። በብሎን መስፋት አያስፈልጋትም፣ ቦታውን በሌላ መንገድ የሚፈጥርላት ጥርስ አስተካካይ ሐኪም፣ ኦርቶዶንቲስት ጋ እጽፍልዎታለሁ" አልኳቸው። "ብሎን አልሽ ዶክተር?" ብለው ደነገጡ፣ ከዚያ አለመሆኑ ሲገባቸው "ተመስገን" አሉ። ሞዴሉንም ከደብዳቤው ጋር በካርቶን አድርጌ ሰጠኋቸው፣ ከመስጠቴ በፊት ግን ሁለተኛ ኮፒ አፍስሼ አስቀርቻለሁ።

እናንተም ኮፒ አስቀሩ። በሞዴሉ ሥር በእርሳስ ጻፉበት፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የአራቱ ድምር፣ የተለኩት ሁለት ስፋቶች፣ ማን እንደለካ፣ መቼ። ስም አትጻፉ፣ የካርድ ቁጥር ብቻ። ክሮስባይት የሌላቸው፣ ጥርሳቸው ያልተደራረበ፣ ሁሉም ጥርስ ያላቸው ሰዎች ሲመጡና ፈቃደኛ ሲሆኑ የነሱንም ውሰዱ፤ ለቀመር የሚሆኑት እነሱ ናቸው። እኔ መደርደሪያ ላይ ያሉትን በየወሩ መጨረሻ ደብተር ላይ አሰፍራቸዋለሁ፣ አንድ ዓምድ ለድምሩ፣ አንድ ለፕሪሞላሩ፣ አንድ ለመንጋጋው፣ አራተኛው ድምሩ ለስፋቱ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ የሚመጣው። የልጅቷ አራተኛ ዓምድ ላይ 87 እና 67 ይላል።